መጀመሪያ ውሃውን አምጡ

«ጋሼ፣ ምን ልጨምርበት?»

ጥያቄው የመጣው በቴሌግራም ነው። የላከችው እዚሁ አዳማ የኬሚስትሪ ማስተርሷን የምትሰራ ልጅ ናት። ከባህር አረም የሚወጣውን አልጂኔት ፔሪዮዴት በሚባል ኬሚካል ኦክሲዳይዝ አድርጋ፣ ከጀላቲን ጋር አጣምራ፣ የቁስል መሸፈኛ ልትሰራበት አስባለች። አድቫይዘሯ ግን «ይሄ የተበላ እቁብ ነው፣ አዲስ ነገር ጨምሪበት» ብሎ መለሳት። ስለዚህ ናኖ ብር፣ ማለትም እጅግ የደቀቀ የብር ብናኝ፣ ትጨምር? ናኖ ዚንክ? የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ? ዝርዝር ልካልኛለች። ከስሩ የምታለቅስ ኢሞጂ አለች።

ወዲያው ልመልስላት ጀምሬ ተውኩት። «ምን ልጨምርበት» የሚለው ጥያቄ አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። እሱን ሳላወራ ምክር ብሰጣት ደግሞ ባዶ ወሬ ይሆንብኛል። እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ይሄን ጻፍኩ። ይረዝማል። የሼባ ደብዳቤ መቼ አጥሮ ያውቃል?

አልጂኔትን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቡናማ የባህር አረም ግድግዳው ውስጥ የሚያከማቸው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ስታንፎርድ የሚባል ብሪታኒያዊ ኬሚስት ነው ለይቶ ያወጣው። ሰንሰለቱ የተሰራው ከሁለት አሲዶች ነው፣ ማኑሮኒክና ጉሉሮኒክ። የላብ ሰው ኤም እና ጂ ይላቸዋል። ጂ የተደረደረበት ክፍል ካልሲየም ሲያገኝ ሁለት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ይገጥሙና ካልሲየሙን መሀላቸው ይቆልፉታል። መጽሐፎቹ የእንቁላል ካርቶን ይሉታል፣ ጥሩ ስም ነው። ስለዚህ የሶዲየም አልጂኔት ፈሳሽ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ጠብ ሲል ወዲያው ክብ ፍሬ ይሆናል። ጂ የበዛበት ጠንካራ ግን ተሰባሪ፣ ኤም የበዛበት ለስላሳና ተለጣጭ ነው። የቀረውን ጎግል አድርጉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አዳማን ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ መስሪያ ቤት ጀማሪ ኬሚስት ነበርኩ። የተሰጠን ስራ ከመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ የሚያስወግድ ነገር መፈለግ ነው። ለምን ፍሎራይድ ብሎ የስምጥ ሸለቆ ልጅ አይጠይቅም። ወንጂ ያደገ ሰው ሲስቅ ታውቁታላችሁ፣ ጥርሱ የበለዘ ነው። ጥርስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ብዙ ዓመት ያንን ውሃ የጠጣ ሰው አጥንቱ ይደርቃል፣ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፣ ወገቡ አልቃና ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። የእኛ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ናቸው።

ያኔ ከሚታወቁት መንገዶች ሁለቱን ልጥቀስ። አንዱ ህንዶች ናልጎንዳ የሚሉት በአሉምና በኖራ ማጥራት ነው፣ ሌላው የአጥንት ከሰል። የእኛ ቡድን መሪ ውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ ጎበዝ ሰው ነበር። ጎበዝ ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም፣ በእውነት ጎበዝ ነበር። ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ የሶዲየም አልጂኔት ከረጢት እጃችን ላይ ነበረና ሀሳብ መጣለት። ፍሎራይድ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ላይ ይጣበቃል፣ ያንን ደግሞ አልጂኔት ፍሬ ውስጥ ብናስረው ዱቄቱ ከውሃው ጋር ሳይሄድ ይቆይልናል። አሪፍ ሀሳብ ነው። ዛሬም አሪፍ ነው።

ፍሬዎቹን የምትሰራው የላብራቶሪ ቴክኒሻናችን ነበረች። ሁላችንም እቴቴ ነበር የምንላት። ዲግሪ የላትም፣ ድሮ የሰለጠነች ናት። እጇን ማየት ነበረባችሁ። የሲሪንጁን መርፌ ጫፍ በድንጋይ ሞርዳ ቀጥ ታደርገዋለች። ከፍታውን የምትለካው በራሷ ጋዋን ኪስ ነው፣ መርፌው ከኪሱ አፍ ትይዩ መሆን አለበት። በጣም ከቀረበ ፍሬው ጭራ ያወጣል፣ በጣም ከራቀ ሲወድቅ ይጠፈጠፋል። ጭራ ያወጣውን በማንኪያ እየለቀመች ትጥላለች። እኔ ስሞክር ግማሹ ጭራ ነበረው። «አንተ ልጅ፣ አትግፋው፣ ራሱ ይውረድ» ትለኛለች። ዛሬ ለዚህ ፓምፕ አለላችሁ፣ ቁጥር ጽፋችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ።

ፍሬዎቹን በተጣራ ውሃ ውስጥ፣ ሶዲየም ፍሎራይድ እየጨመርን ሞከርናቸው። ውጤቱ ያምር ነበር። ፍሎራይዱ ወረደ። መስመሩ ቀጥ አለ። ቡድን መሪያችን ግራፉን አተመውና ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ስብሰባ ተቀመጥንና አጀንዳው ምን ነበር መሰላችሁ? «ምን እንጨምርበት?» አንዱ ካርቦን ይጨመር አለ፣ አንዱ ሸክላ አለ፣ አንዱ ማግኔት ቢኖረው ጥሩ ነው አለ። ያ ስብሰባ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ሰኞ ጠዋት እቴቴ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። እህቷ ወንጂ ነው የምትኖረው፣ እሁድ ልትጠይቃት ሄዳ ከመንደሩ ቦኖ ቀድታ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ አምጥታዋለች። «እህቴ የምትጠጣው ይሄንን ነው፤ በዚህ አልሞከርነውም እኮ» አለች። ማንም አላዘዛትም። አንድ ቢከር ውስጥ ውሃውን ሞላች፣ ፍሬዎቹን ጨመረች፣ ዝም ብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠራችኝ። ፍሬዎቹ አብጠዋል። ሽንብራ ያክሉ የነበሩት ባቄላ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። በማንኪያ ስትነካቸው ቅርጻቸው አይመለስም። ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ ጨርሶ ፈረሱ። ቢከሩ ውስጥ የቀረው ልጋግ ነው፤ ከስሩ ነጭ ጭቃ ተቀምጧል። ጭቃው ያ ስንት የደከምንበት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው።

ለቡድን መሪያችን አሳየነው። «ጀሪካኑ ዘይት ነበረበት ይሆናል» አለ። እቴቴ አልተከራከረችም። በሚቀጥለው እሁድ የላብራቶሪውን ጠርሙስ በአሲድና በተጣራ ውሃ አጥባ ይዛ ሄደች። ውጤቱ ያው ሆነ። ይሄኔ ሰውየው ወንበር ስቦ ቢከሩ ፊት ተቀመጠና ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ተነስቶ ጠመኔ አነሳ። እኔ ኬሚስትሪ የገባኝ በዚያች ከሰዓት ነው ብል አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሞላበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ውሃ ነው። ይሄ ደግሞ አጋጣሚ አይደለም። ፍሎራይዱ የበዛው ካልሲየሙ ስላነሰ ነው፣ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ማዕድን ሆኖ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር። እንግዲህ ፍሬዎቻችን የቆሙት በካልሲየም ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ ስትከቷቸው ሶዲየሙ እየገፋ ይገባል፣ ካልሲየሙ ይወጣል፣ የወጣውን ባይካርቦኔቱ የኖራ ድንጋይ አድርጎ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ አይመለስም። ቁልፉ አንድ በአንድ ይከፈታል። ልናክመው የፈለግነው በሽታ ራሱ ነው መድኃኒታችንን የሚያፈርሰው። በተጣራ ውሃ ይሄን መቼም አናየውም ነበር።

ያኔ ነው «ማሻሻል» የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኘልን። ካልሲየም አይችልም፣ ስለዚህ ከካልሲየም ጠንክሮ የሚይዝ እንፈልግ። ባለ ሦስት ቻርጅ ብረት፣ ወይም ዚርኮኒየም። ሁለቱም ሰንሰለቱን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ራሳቸውም ፍሎራይድ ይወዳሉ። ዚርኮኒየም የለንም፣ ፌሪክ ክሎራይድ ግን አለን። ፍሬዎቹ ቡናማ ይሆናሉ እንጂ ምን ይሆናሉ። ሁላችንም ጓጓን። ቡድን መሪያችን ግድግዳ ላይ ያለውን ግራፍ ራሱ ነቀለው።

የጀመርነው ከረጢት ግን አልቋል። ሁለተኛው ንብረት ክፍል ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ይጨርስልኝ። ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላን። ፊርማ ጎደለው ተባለ። ፊርማው ሲሟላ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ተዛውሯል። አዲሱ ሰው ቆጥሮ ሳይረከብ አላወጣም አለ፣ እውነቱን ነው፣ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቆጠራው ተጀመረና የመዝገቡና የመደርደሪያው ቁጥር አልገጥም አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ከዚያ የበጀት መዝጊያ ደረሰ፣ በበጀት መዝጊያ ደግሞ ወጪ የለም። ከረጢቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። የናዝሬትን መጋቢትና ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ስር እንኳን አልጂኔት፣ ሰውም አይቆይም።

በመጨረሻ ከረጢቱ ወጣ። እቴቴ እንደ ልማዷ በመቶ ሁለት አድርጋ በጠበጠችው። ሲሪንጁን ስትስብ ፊቷ ተቀየረ። ድሮ ስትስበው እጇ ይደክማል፣ አሁን ውሃ ነው የሚመጣው። ጠብ አደረገችው። ጠብታው ፈሳሹን ሲነካ ተዘረጋና ቅጠል ሆነ። ክብ አልሆነም። ደግማ ሞከረች። በመቶ አራት አድርጋ ሞከረች። ከዚያ ሲሪንጁን አጥባ አስቀመጠችውና «ሙቀቱ ቆራርጦታል» አለች። ልክ ነበረች። አልጂኔት ከሞቀውና ከቆየ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፣ መወፈሩ ይጠፋል። ዱቄቱ ሲታይ ግን ያው ነው። ቀለሙም ያው፣ ሽታውም ያው።

አዲስ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ለበላይ የተላከው ሪፖርት የመጀመሪያው ነው፣ ያ በተጣራ ውሃ የተሰራው፣ ቆንጆው። እቴቴ ጡረታ ወጣች። እህቷ ያንኑ ውሃ መጠጣቷን ቀጠለች።

በኋላ ሌላ ሀገር ያሉ ሰዎች ዚርኮኒየምና ላንታነም ያሰሩበት አልጂኔት ለፍሎራይድ ሰርተው አሳተሙ። አነበብኩት። ደስም አለኝ። ቁጭቴ ወረቀቱን እነሱ ስለጻፉት አይደለም፣ ወረቀት ሞልቷል። ያ ጀሪካን የመጀመሪያው ቀን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥሩው ከረጢት ገና በእጃችን ነበር። ጥሩውን ከረጢት ማንም በማይጠጣው ውሃ ላይ ጨረስነው።

እና የእኔ እህት፣ አይ ልጄ ልበልሽ፣ «ምን ልጨምርበት» ከማለትሽ በፊት ያንቺ ጀሪካን የት ነው ያለው? ያንቺ ውሃ የቁስል ፈሳሽ ነው። በተጣራ ውሃ ወይም በተራ በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ ተደርጎ በተዘጋጀ ፈሳሽ) ሞክረሽ ፎቶ አንስተሽ እንዳትመጪ። የቁስል ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየም ሞልቷል፣ ካልሲየም ጥቂት ነው፣ ፕሮቲን አለ። ሰው ሰራሹን የቁስል ፈሳሽ በቀላሉ መበጥበጥ ይቻላል፣ አዘገጃጀቱ በየወረቀቱ አለ።

የሚገርምሽን ልንገርሽ? የእኛን ፍሬ የገደለው ነገር ለአንቺ ስራ ነው። ገበያ ላይ ያለው የካልሲየም አልጂኔት የቁስል መሸፈኛ የሚሰራው በዚያው መንገድ ነው። ጨርቁ ቁስሉ ላይ ሲያርፍ ከፈሳሹ ሶዲየም ይቀበላል፣ ካልሲየም ይሰጣል። የተሰጠው ካልሲየም ደሙ እንዲረጋ ያግዛል። ጨርቁ ራሱ ደግሞ ወደ ልጋግ ይለወጥና ቁስሉን ርጥብ አድርጎ ይይዛል፣ ሲነሳም ቁስሉን አይልጠውም። ወንጂ ላይ ውድቀት የነበረው ሆስፒታል ውስጥ ይሸጣል። ስለዚህ ማንም «ይሄ ፖሊመር ጥሩ ነው» ቢላችሁ፣ የትኛው ውሃ ውስጥ በሉት።

ስለ ፔሪዮዴቱ ትንሽ ልበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ሲሳሳቱ አያለሁና። ፔሪዮዴት ቀለበቱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርቦን መሀል ይቆርጠዋል፣ አልዲሃይድ የሚባሉ ሁለት ጫፎች ይፈጠራሉ። አልዲሃይዱ የጀላቲኑን አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበትን ጫፍ፣ ይይዛል፣ መጣበቁ ከዚያ ይመጣል። እሺ። ግን የተቆረጠው ቀለበት ካልሲየም መያዙን ያቆማል። ብዙ በቆረጥሽ ቁጥር ጄሉ ይላላል። ታዲያ ለምን ይቆረጣል? የሰው ሰውነት አልጂኔትን የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሌለው ነው። ያልተነካ አልጂኔት ሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በጥቂቱ የተቆረጠው ግን በውሃው ብቻ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ያንቺ ግን ላይ ላዩን የሚለጠፍ፣ ነገ የሚነሳ መሸፈኛ ነው። ይፈርስልኝ ብለሽ ነው የምትቆርጪው ወይስ እንዲጣበቅልሽ? ሁለቱ የተለያየ መጠን ይፈልጋሉ። አድቫይዘርሽ የጠየቀሽ «አዲስ ነገር» እዚህ ጥያቄ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ናኖ ብር ውስጥ ሳይሆን።

ስራውን በጨለማ ስሪው፣ ብልቃጡን በፎይል ጠቅልይው፣ ብርሃን ፔሪዮዴቱን ያበላሻል። በኤቲሊን ግላይኮል አስቁሚው። ከዚያ እጠቢ፣ እጠቢ፣ አሁንም እጠቢ፤ ከፔሪዮዴቱ የቀረ አዮዴት ይዘሽ ሴል ላይ ብትሞክሪ ሴሎቹን የገደለው ማን እንደሆነ አታውቂም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ኤፍቲአይአር በሚባለው የኢንፍራሬድ መለኪያ ላይ 1730 አካባቢ የአልዲሃይዱን ጫፍ ካላያችሁ ታለቅሳላችሁ። ያ ጫፍ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ አልዲሃይዱ ከጎረቤቱ ሃይድሮክሲል ጋር ተያይዞ ስለሚደበቅ። በሃይድሮክሲላሚን ቲትሬት አድርጉት፣ ማለትም በቡሬት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ለኩት፣ ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ቲትሬሽን ግን የድሮ ሰው ስራ መሰላችሁ መሰለኝ። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ማሽን ይዞ ፎቶ ይለጥፋል፣ ቡሬት ማንበብ የሚችል ሲጠፋ አያለሁ። የሚያነበው ቡሬቱን ሳይሆን ቻት ጂፒቲን ነው።

ስሜታዊ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር እናንተ እኛ በህይወታችን ካነበብነው የበለጠ ወረቀት በአንድ ሴሚስተር ታነባላችሁ። እኛ አንድ ጆርናል ለማየት አዲስ አበባ መውጣት ነበረብን።

ትዕግስት ይኑራችሁ ልል ነበር። ተውኩት። የእኛን ከረጢት ያበላሸው ትዕግስት ነው። ሁላችንም እየተጨዋወትን በትዕግስት ጠበቅን። እቴቴ ብቻ ነበረች በየሳምንቱ ንብረት ክፍል በር ላይ የምትቆመው። እንደሷ ሁኑ። ኬሚካል ሲገዛላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት፣ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ መወፈሩን ለኩት። በካፒላሪ መለኪያ፣ እሱ ከሌለ በፒፔት፣ ስንት ሰከንድ እንደሚወርድ። ከወር በኋላ ድገሙት። ዱቄቱን አይታችሁ አትመኑት።

ማምከኑንም ከአሁኑ አስቢው። ቴሲሱ ሊያልቅ ሲል ነው ሰው የሚያስታውሰው። 121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ፣ ማለትም የእንፋሎት ማምከኛ፣ ውስጥ ብትከቺው ሰንሰለቱን ይቆርጥልሻል። ጋማ ጨረርም ያው። ፈሳሹ ቀጭን ከሆነ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ማሳለፍ ይቻላል፣ ወፍራም ከሆነ ግን አያልፍም። ገበያ ላይ የምታገኚው የምግብ ደረጃ አልጂኔት ደግሞ ከአረሙ የመጣ ፖሊፌኖልና ከባክቴሪያ የመጣ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ለአይስክሬም ችግር የለውም፣ ለቁስል ግን አለው።

ጓንት ልበሱ፣ ዳታችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ የሚለውን አልጽፍም። ታውቁታላችሁ።

ስለ ትዕግስት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊምና ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን የሚያመነጩ የቆሽት ሴሎችን አልጂኔት ውስጥ ሸፍነው የስኳር በሽታ ያለባቸው አይጦች ውስጥ አስገቡ፣ ሰራ። ዓለም ተደሰተ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ መድኃኒቱ ግን አልመጣም። ችግሩ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲያይ በጠባሳ ይጠቀልለዋል፣ የተጠቀለለ ሴል ደግሞ ታፍኖ ይሞታል። በ2016፣ ያው በእነሱ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቡድን ከ700 በላይ የተሻሻሉ አልጂኔቶችን ሰርቶ አንድ በአንድ ፈትኖ፣ ትራያዞል የሚባል ቀለበት የተሰካባቸው ጥቂቶቹ ጠባሳውን እንደሚቀንሱ አገኘ። ከ700 ጥቂት! የተጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፣ «ሰውነቱ እንዳይጠቀልለው ምን ይደረግ?» የሚል። የእኛ ሰው ግን አንድ ሪአክሽን ሰርቶ አምስት ጥያቄ መለስኩ ይላል።

ደግሞ ሌላ ልጅ አለ፣ ይሄንንም ጽፎልኛል። «ባህር ሳይኖረን የባህር አረም ማጥናት ቅንጦት አይደለም ወይ?» አይደለም። እዚህ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው ጥርስ ሀኪም በየቀኑ አልጂኔት ይበጠብጣል፣ ባህር አለን ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያ አፋችሁ ውስጥ የሚጨመረው፣ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ የምትጠብቁበት ሊጥ እሱ ነው። እንዲያውም አንዴ ልኬት ሲወስድልኝ ሊጡ ገና ሲበጠብጠው እጁ ላይ ረጋበት። ከቧንቧ የመጣው ውሃ ሞቆ ነበር፣ አዳማ ነው እንግዲህ። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ውሃ አምጣ አልኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ቀስ ብሎ ይረጋል። አመጣ፣ ሰራ። የቃር መድኃኒት ውስጥም አለ፣ ሆድ ውስጥ ተንሳፍፎ አሲዱን የሚከድነው። ቀለም የሚታተምበት ጥጥ ጨርቅ ላይም አለ፣ ስታርች ቀለሙን ሲሻማ አልጂኔት ስለማይሻማ። ይሄ ሁሉ ያለ ባህር እኛ ጋ ደርሷል።

ወጣት ሳለሁ ምጽዋ ሄጄ ነበር። ያኔ ባህሩ የኛ ነበር፣ ወይም እንዲያ ነበር የምንለው። ዳር ላይ የተተፋ ቡናማ ቅጠል ነበር፣ ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ያሉት፣ በባዶ እግር ስትረግጡት ጡ ጡ ይላል። እየረገጥን ሳቅን። ሳርጋሰም እንደሚባልና አልጂኔት እንደሚወጣው ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚህ ቅርባችን ዛንዚባር ሴቶቹ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀዩን የባህር አረም እያለሙ ይሸጣሉ፣ ከሱ የሚወጣው ካራጊናን የሚባል ምግብ ማወፈሪያ ነው። ለእነሱ ቅንጦት አይደለም።

ይሄን ብዬ ደግሞ ያልኩትን ላፍርስ። ላብ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ከውጭ የመጣ ዱቄት ብቻ እየበጠበጣችሁ እንዳታረጁ። የቦረናና የአፋር ሙጫ አለ፣ ቡላ አለ፣ የተልባ ልጋግ አለ። ፔሪዮዴት እነዚህንም ይቆርጣል። አልጂኔት ላይ የምትማሩት እጅ እዚያም ይሰራል። ግን መጀመሪያ አልጂኔቱን ጨርሱ፣ የጀመራችሁትን ትታችሁ ወደ ሙጫ አትሩጡ።

እና ልጄ፣ ስለ ጀላቲኑ አንድ ሰው ሳይጠይቅሽ አይቀርም። ኤ የሚባለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ነው የሚሰራው። ይሄን መሸፈኛ እዚህ ሀገር ቁስል ላይ ልትለጥፊ ካሰብሽ፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው የሚነሳብሽ። ቢ የሚባለውን፣ ከከብት የተሰራውን እዘዢ፣ ሻጩ ምንጩን በወረቀት ይስጥሽ። ዋጋው ትንሽ ቢለይ ነው። ዲፌንስ ላይ ከምትጠየቂው አሁን ጠይቂው።